ፍሬን የሌለው መጋዝ

አንዲት የወፍጮ ሞተር እያንቀሳቀሰች የምትተዳደር ሴት ነበረች። ስሟ ስንዱ ይባላል። ባሏ ዘውገ በአካባቢው ስሙ የተጠራ ግንድ ቆራጭ ነበር። ከተዘጋ የጣውላ ፋብሪካ ያገኘው አንድ ትልቅ የሞተር መጋዝ ነበረው። ሰንሰለቱ የሚዞርበት ምላስ ከሌሎቹ መጋዞች እጥፍ ይረዝማል፤ ሲነሳ ድምፁ ከወንዙ ማዶ ይሰማል፤ ደካማ ሰው አንስቶ ሊይዘው እንኳ አይችልም። በዚያ መንደር ከቆሙት ቤቶች የብዙዎቹ ምሰሶና ወራጅ የተቆረጠው በዚሁ መጋዝ ነው።

አንድ ቀን ዘውገ ጫካ ውስጥ ግንድ ሲቆርጥ መጋዙ ድንገት ወደ ኋላ ተወርውሮ አንገቱን መታው። የሥራ ባልደረባው አንዳርጌ በጀርባው አዝሎት ሲሮጥ መንገድ ላይ ነፍሱ ወጣች። ከቀብር በኋላ አንዳርጌ መጋዙን አምጥቶ ደጃፏ ላይ አስቀመጠላት። ስንዱ ዓይኗ እንዲያየው አልፈለገችም፤ ሰው ለምና ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ካለው ጓዳ አስገባችውና ጆንያ አለበሰችው። መንደርተኛውም ለመጋዙ ስም አወጣለት። ገፊ አለው። ባለቤቱን የበላ ገፊ ብረት ነው እየተባለ ተወራ፤ ስንዱም አመነች። ለብረቱ ብለው ሊገዙ የመጡትን ቆራሌዎች እንኳ፣ ሌላ ቤት ገብቶ ሌላ ሰው እንዳይበላ ስትል መለሰቻቸው። ዓመታት እንዲህ አለፉ።

አንድ ዓመት በክረምቱ መውጫ ወንዙ ከልክ በላይ ሞላና ዳር ላይ የነበረ የጥንት ሾላ ከነሥሩ ነቀለ። ግንዱን እየገፋ አምጥቶ፣ የመንደሩ የመስኖ ቦይ ከወንዙ የሚጠለፍበት አፍ ላይ አጋደመው። ደለል ተከመረበት። ውሃው መግቢያ ሲያጣ ዞሮ ወደ ገደሉ መፍሰስ ጀመረ። ያ መንደር የሚኖረው ደግሞ በሽንኩርት ነው። ችግኙ ከመደብ ተነስቶ ማሳ ላይ ከተተከለ ገና ብዙ አልቆየም፤ ሥሩ አልያዘም፤ ዝናቡም አቁሟል።

ወንዶቹ መጥረቢያቸውን ይዘው ወረዱ። ግንዱ ግማሹ ውሃ ውስጥ ስለሆነ መጥረቢያ የሚሰነዘርበት ቦታ አልነበረም፤ የራሰ ሾላ ደግሞ ስለቱን ይይዝና አይለቅም። አንዳርጌ የራሱን መጋዝ አምጥቶ ሞከረ። ምላሱ የግንዱን ግማሽ እንኳ አልደረሰም። ያን ጊዜ ሁሉም በሆዱ የያዘውን አንዱ አወጣው፤ ይህን ግንድ የሚቆርጥ የዘውገ መጋዝ ብቻ ነው አለ።

ጋሽ ይፍሩ የመንደሩ የውሃ አባት ነበሩ። የመስኖውን ተራ የሚያከፋፍሉ፣ በውሃ የተጣላውን የሚያስታርቁ፣ ሕዝቡ የመረጣቸው ሽማግሌ ናቸው። ሰዎች አስከትለው ወፍጮ ቤት ድረስ ሄዱ። ስንዱ ሞተሯን አጥፍታ ሰማቻቸው። ጋሽ ይፍሩ ቁስሏን መንካት እንደማይወዱ፣ ሌላ መንገድ ግን እንዳጡ ነገሯት። መጋዙን ከተማ ወስደው እንደሚያሠሩትና እሷ ማየት እንደማያስፈልጋትም ጨመሩ።

ስንዱ በእጇ ያለውን ዱቄት አራገፈች። ከዚያ ተነስታ የጓዳውን በር ከፈተች።

"ከዚህ ግቢ አይወጣም" አለች። "የሚሠራ ከሆነ እኔው ቤቴ እሠራዋለሁ።"

ማንም አልሳቀም። የወፍጮው ሞተር በተበላሸ ቁጥር ፈታ የምትገጥመው ራሷ እንደሆነች አገር ያውቃል። ለምን እንዲህ እንዳለች ግን ለራሷም በደንብ አልገባትም ነበር። ባሏን የገደለውን ነገር ስትፈራው ኖራለች፤ አሁን ከፍታ ልታየው ፈለገች።

ግቢዋ ውስጥ ሁለት በርሜል ላይ ሳንቃ አጋድማ መጋዙን አስቀመጠችና ጆንያውን ገፈፈችው። ዝገት በልቶታል። የማስነሻ ገመዱን አይጥ ቆርጦታል፤ ታንከሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ደርቆ ሙጫ ሆኗል፤ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቋል። እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈትታ በቀዳዳው ናፍታና ዘይት ቀላቅላ ጨመረችበትና አሳደረችው። በማግስቱ ዘንጉን በብሎን መፍቻ ቁልፍ ይዛ ልታዞረው ብትሞክር ንቅንቅ አላለም። በመዶሻ ነርቺው ያሏት ነበሩ። አልነረተችም፤ የተጣበቀ ፒስተን ሲመታ እንደሚሰነጠቅ ከወፍጮዋ ታውቃለች። ዘይት እየጨመረች፣ ጠዋት ወፍጮ ከማስነሳቷ በፊትና ሞተር አጥፍታ ስትመለስ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ትንሽ ወደ ግራ ትገፋው ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ እጇ ላይ የጥፍር ያህል ለቀቀ። ስንዱ ቁልፉን እንደያዘች ቁጭ አለችና አረፈች። የለቀቀ ነገር እንደማይመለስ ታውቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራው እሺ አላት። ሲሊንደሩን በስስ ብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰች። ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር በትና ቀጫጭን ቀዳዳዎቹን በቤንዚን አጠበች፤ የደረቀውን ስስ ላስቲክ አንዳርጌ ከከተማ ፈልጎ ባመጣላት ለወጠችው። ሰንሰለቱን ዘይት ውስጥ ዘፍዝፋ ጥርሶቹን በክብ ሞረድ ሳለች። እጇ በዝገትና በቅባት ጠቁሮ በሳሙና አልለቅ ስላላት፣ እህል ያመጡ ሴቶች ዱቄታቸውን እንዳትነካባቸው ራሳቸው ያፍሱ ነበር።

ሰንሰለቱን ከመግጠሟ በፊት ሞተሩን ልትሞክረው ገመዱን ሳበች። ምንም የለም። ደጋግማ ስባ ትከሻዋ ዛለ። ካንዴላውን አውጥታ አድርቃ መለሰችው። እንደገና ስትስብ መጋዙ አንድ ጊዜ አስነጠሰ፣ ነጭ ጭስ ተፋ፣ ከዚያ ያ ከወንዝ ማዶ የሚሰማው ድምፅ ተነሳ። ሰው ከየቤቱ ወጥቶ አጥሯን ሞላው። እልልታ ተሰማ። አንዳርጌ አሁኑኑ ይዤው ልውረድ አለ። ስንዱ ምላሱንና ሰንሰለቱን ልግጠምና ነገ ትወስደዋለህ አለችው።

ምላሱን ልትገጥም የጎኑን ክዳን ስትከፍት ነው ያየችው። ሰንሰለቱን የሚያዞረው ከበሮ ዙሪያውን ባዶ ጎድጓዳ ቦታ አለው። አንድ ነገር እንዲጠመጠምበት የተሠራ ነው፤ የተጠመጠመ ነገር ግን የለም። ከፊት እጀታው ፊትም ሁለት ጆሮዎች አሉ፤ በመካከላቸው መቆም የነበረበት ነገር የለም። የብሎኖቹ ቀዳዳዎች በአሮጌ ሰጋቱራና በቅባት ተደፍነዋል። ተሰብሮ የወደቀ ነገር አይመስልም። ሰው አስቦበት፣ በካቻቢቴ በጥንቃቄ ፈትቶ ያወጣው ነው።

በማግስቱ አንዳርጌ ሲመጣ በጣቷ አሳየችው።

"እዚህ ላይ የነበረው ምንድን ነው?"

"ፍሬኑ ነው" አለ አንዳርጌ። መጋዝ ጫፉ ሲነካበት ወደ ሰው እንደሚወረወር፣ ያን ጊዜ የእጅ አንጓ ከእጀታው ፊት የቆመውን ጋሻ ገፍቶት ከበሮው ላይ የተጠመጠመው ብረት ሰንሰለቱን ቀጥ እንደሚያደርገው አስረዳት።

"የት ሄደ?"

"ዘውገ አወጣው። ቅርንጫፍ በነካ ቁጥር ይቆምበት ነበር። ሁላችንም እናወጣዋለን እትዬ፤ ሥራ ያዘገያል።"

አንዳርጌ ይህን የተናገረው ሁሉም ሰው እንደሚያውቀው ተራ ነገር ነው። ከዚያ ፊቷን አየና የተናገረው ምን እንደሆነ ገባው። ስንዱም ትታው ወደ ወፍጮ ቤት ገባች። ወፍጮውን እህል ሳትጨምር አስነሳችው። በመንገድ የሚያልፉት እየፈጨች መሰላቸው። እሷ ግን ግድግዳውን ተደግፋ ታለቅስ ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን ብረቱን ስትረግም ኖራለች። አሁን የምትረግመው አጣች፤ የተጣደፈው ዘውገ ነው፣ ዘውገን ደግሞ ትወደዋለች። አዝናበት፣ ተናዳበት፣ ናፍቃው፣ እንባዋ ሲያልቅ ሞተሩን አጠፋች። ወጥታም መጋዙ እስኪስተካከል ድረስ ለማንም እንደማትሰጥ ተናገረች። ሰንሰለቱን ወስዳ ሣጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት።

መንደሩ ታመሰ። የታችኛው ማሳ ችግኝ ጫፉ መቃጠል ጀምሯል። መጋዙ ተነስቷል፣ ድምፁን ሁሉም ሰምቷል፣ ሴትየዋ ግን አልሰጥም አለች። ሐዘኑ ጭንቅላቷ ላይ ወጣ ያሉ ነበሩ። ልታስለምነን ፈልጋ ነው ያሉም አልጠፉም፤ እህላቸውን ጭነው ሌላ ወፍጮ ቤት የሄዱም ነበሩ። ጋሽ ይፍሩ ተቆጥተው መጡ።

"ልጄ፣ ዘውገ ይህን ሁሉ ቤት ያለ ፍሬን ነው የቆረጠው" አሏት።

"አዎ ጋሼ" አለች ስንዱ። "የሞተውም ያለ ፍሬን ነው።"

ጋሽ ይፍሩ ወደ ማሳው እያመለከቱ፣ "ሽንኩርቱ ይሞታል" አሉ።

"የኔም አብሮ ይሞታል። ሽንኩርት እንደገና ይዘራል።"

ሽማግሌው ዘንጋቸውን አንስተው ሳይሰናበቷት ወጡ።

ስንዱ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከበሮው ላይ የሚጠመጠመው ብረት ስስ ሆኖ የማይሰበር መሆን አለበት። ዘውገ በወጣትነቱ ይሠራበት የነበረ፣ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ የሚስበው የእጅ መጋዝ ጣሪያ ሥር ተሰቅሎ ነበር። አወረደችውና ከሱ ላይ እንደ ቀበቶ ያለ ቀጭን ቁራጭ ቆረጠች። ልታጎብጠው ስትል ተሰበረ። ሌላ ቆርጣ ከሰል ላይ አጋለችው፤ አመድ ውስጥ ቀብራ ቀስ ብሎ እንዲበርድ አደረገች፤ ተጣጠፈላት። ከተጣለ የሞተር ብስክሌት ጠንካራ ሞላ አወጣች። ጋሻውን ከወፍራም የበርሜል ብረት ቆርጣ፣ ጠርዙ እጅ እንዳይቆርጥ ሞርዳ ሠራችው። ገጥማ ብትሞክረው ሰንሰለቱ ዘገየ እንጂ አልቆመም። ሰው ሁሉ ይበቃል አላት። አይበቃም አለች። ፈታ የሚጠመጠመውን ብረት ውስጡን በሞረድ አሻከረችው፣ ሞላውን አጠበቀችው፣ መልሳ ገጠመች። በዚህ መሃል የጋሽ ይፍሩ ማሳ በፀሐይ ነድዶ ደረቀ። ከሱ ቀጥሎ የስንዱ ደረቀ። ሄዳ አላየችውም፤ ካየችው እጇ እንደሚላላ ፈርታ ነበር።

በመጨረሻ ሞተሩን እስከ ጥግ አስጮኸችና ጋሻውን በእጇ ጀርባ ገፋችው። ሰንሰለቱ ቀጥ አለ። ደጋግማ ሞከረችው፤ ቀጥ ይላል። አንዳርጌን አስጠርታ በራሱ እጅ እንዲገፋው አደረገች። ከዚያ ወደ ወንዝ ወረዱ።

አንዳርጌ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ መቁረጥ ጀመረ። የመጋዙ ጉልበት ድሮ እንደነበረው ነው፤ ቅርንጫፎቹ እየተገነጠሉ ወረዱ፤ ዳር ቆሞ የነበረው ሰው እየጎተተ አወጣ። ስንዱ ቤንዚኑን ይዛ ከድንጋይ ላይ ቆማ እጆቹን ብቻ ትመለከታለች። ግንዱ ላይ ሲደርስ የምላሱ ጫፍ ውሃው ውስጥ የተደበቀ ቅርንጫፍ ነካ። መጋዙ ወደ ፊቱ ተወረወረ። የእጁ አንጓ ጋሻውን ገፋው፤ ሰንሰለቱ ቆመ፤ ምላሱ ግን ጉዞውን ሳያቋርጥ ትከሻውንና አንገቱን መትቶት ወደ ጎን ወደቀ። ውሃና ሰጋቱራ ፊቱን ስለሸፈነው እሱ ምንም አላየም። ቅርንጫፍ የመታው መስሎት ትከሻውን እያሻሸ ተነጫነጨ።

"ይኸው ገና ከመጀመሬ ቆመብኝ" አለ። "ካቻቢቴ አቀብሉኝ፣ ላውጣው።"

አንዱ አቀበለው። ስንዱ ከነቀሚሷ ውሃው ውስጥ ገብታ አጠገቡ ቆመች።

"ኮሌታህን ንካው" አለችው።

አንዳርጌ እጁን ወደ አንገቱ ሰደደ። ጣቱ ጥቁር ዘይት ይዞ ተመለሰ። በሸሚዙ ኮሌታ ላይ፣ በአንገቱ ልክ፣ የሰንሰለቱ ጥርሶች ተራ በተራ በዘይት ታትመዋል። ያን ቦታ አንዳርጌ ያውቀዋል። ዘውገን አዝሎ ከመሮጡ በፊት ደሙን ለማቆም በመዳፉ የደፈነው እዚያው ላይ ነበር። ዘይቱን እያየ ቆመ። ወንዙ እግሩ ሥር ይጮኻል፤ ዳር ያለው ሰው ምን እንደሆነ አልገባውም። ካቻቢቴውን ያቀበለው ሰው ምን ሆንክ ብሎ ሲጠይቀው አንዳርጌ ካቻቢቴውን መልሶ አስጨበጠው።

"ጋሻውን ወደ ኋላ ሳበውና ቀጥል" አለችው ስንዱ።

ቀጠለ። ከሰዓት በኋላ ግንዱ ተቆርጦ ተንከባለለ፤ ውሃው ደለሉን እየገፋ ወደ ቦዩ ገባ። ወጣቶች አንዳርጌን ትከሻቸው ላይ ተሸክመው ጨፈሩ። ጋሽ ይፍሩ ከደረቀ ማሳቸው አጠገብ ቆመው የሚመጣውን ውሃ አዩት። አንዳርጌ ከጭፈራው ወርዶ ኮሌታውን አሳያቸው። ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ያን ዕለት ማታ ስንዱ ቤት መጡና የሽንኩርት ዘር እንደተረፋቸው ነግረው፣ እሷም እሳቸውም አብረው መደብ እንዲያፈሉ ጠየቋት። ስለ ቁጣቸው አላነሱም፤ እሷም አላስታወሰቻቸውም።

ስንዱ መጋዙን ወልውላ፣ ጆንያ ሳታለብሰው፣ ከመኝታ ቤቷ ግድግዳ ሥር አስቀመጠችው። ገፊ የሚለውን ቃል ከዚያ በኋላ ከአፏ የሰማ የለም። ስለ ዘውገ ሲነሳም ድሮ እንደምታደርገው ወሬ አትለውጥም። ደግ ሰው ነበር፣ ይቸኩል ነበር ትላለች።

አንድ የገበያ ቀን ወፍጮ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ሳለ አንዳርጌ ጆንያ ተሸክሞ እህል ካመጡት ሴቶች ኋላ ወረፋ ያዘ። ተራው ሲደርስ ስንዱ ጆንያውን ተቀብላ ሚዛኑ ላይ ልታስቀምጠው ስትል ውስጡ ብረት ሆነባት። የሱ መጋዝ ነው።

"ያወጣሁትን ጥዬዋለሁ" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ሌላ ሥሪልኝ።"

ስንዱ ጆንያውን ወደ ጎን፣ ከሞረዶቿ አጠገብ አስቀመጠችውና ቀጣዩን እህል ተቀበለች።

ይህን ታሪክ የምታነቡ ሁሉ፣ የዛገ ነገር በየቤታችን አለ። የወደቀ ሥራ፣ የተዳከመ ጤና፣ የተሰበረ ክብር፣ ብዙ ዓመት ጆንያ ለብሶ የቆየ ጉልበት ልናድስ የምንደክም ብዙ ነን። ስንዱም ደክማለች፤ ትዕግሥቷና ቁርጠኝነቷ የሚያስመሰግናት ነው። ነገር ግን ሞተሩ ሲነሳ ሁሉም እልል አለ፣ ለፍሬኑ እልል ያለ አልነበረም። ጉልበቱ የተመለሰለት ሰው ጎረቤቱ ያጨበጭብለታል፤ ራሱን የሚገታበትን ነገር ሊሠራ ቁጭ ሲል ግን ያው ጎረቤት አዘገየኸን ብሎ ይቆጣል። እውነትም ያዘገያል። ማሳም ሊያስከፍል ይችላል። ስንዱ ከፍላለች። ጉልበትን መመለስ የጥገናው እኩሌታ ነው፤ ሌላው እኩሌታ ያ ጉልበት ወደ ሰው ሲወረወር የሚቆምበትን ማበጀት ነው። ያለሱ የታደሰ ነገር ሁሉ፣ ቁጣም ይሁን ሥልጣን፣ ከዛገው ይልቅ ያስፈራል።

እስኪ ዛሬ እጃችሁ ላይ ያለውን ጉልበት ተመልከቱት። ቁም ስትሉት ይቆማል?